የተቆላ አፈር

አፈር ማሽተት ሥራዬ ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እናቴ ዲላ ዋናው መንገድ ዳር ባለው ሱቋ ስኳር እየመዘነች «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ጭቃ ልታሸቺ ነው?» ትለኛለች፤ ደንበኛ ፊት ሲሆን ግን «ልጄ ሳይንቲስት ናት» ብላ ትኮራብኛለች። ሳይንቲስት አይደለሁም። በአንድ አነስተኛ የአፈር ላቦራቶሪ ተቀጥሬ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከተክል ሥር ላይ የተጣበቀውን አፈር አራግፌ በውሃ እበጠብጣለሁ፤ ጠብታውን ምግብ በረጋበት የመስታወት ሳህን ላይ አፈሳለሁ፤ ከዚያ ምን እንደሚበቅል ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ጤነኛ አፈር ሽታ አለው። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የሚመጣው ያ ደስ የሚል ሽታ፣ አፈሩ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሽታ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳህኑ ከመናገሩ በፊት አፍንጫዬ ይነግረኛል።

ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። አፈር ማሽተቴ በአማቴ ቤት ላይ ያመጣውን ነገር ልናገር ብዬ ነው።

አማቴ ይኖሩ የነበረው ከፍስሐ ገነት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሽቅብ በሚያስኬድ የእግር መንገድ ዳር ነው። የባሌ አባት ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከሁሉም በላይ ጥላ የሚሰጡ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ የጌዴኦ ጓሮ ሁሉ እንደዚያው ነው። ቡናው ለገበያ ነው፣ እንሰቱ ግን ለሆድ። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ሰው ይጮኻል፣ ይራገማል። እንሰት መሞት ሲጀምር ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

እኔ የተወለድኩት ዲላ ቢሆንም ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። አማቴ አማርኛን የተማሩት ካረጁ በኋላ፣ ያውም ገበያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለእሳቸው ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። «ልጄ፣ ደህና ነህ? ምነው ከሳህ?» ይሉኛል። እናቴ ይህን ሠርጋችን ላይ ሰምታ ሳቋን ለመደበቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም።

ከባሌ ጋር ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል። ልጅ የለንም። አንድ ጊዜ ፀንሼ ነበር፣ አልቆየም። ስለዚህ ነገር አማቴ አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በእሳቸው ቤት ሥርዓት፣ ሴቲቱ ራሷ ካልተናገረች ወይም ሆዷ ገፍቶ ካልተናገረ ማንም አይጠይቃትም፤ መጠየቅ ነውር ነው፣ ክፉ ዓይን ይጠራል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝምታቸው ግን ያይ ነበር። በሄድን ቁጥር ከደጃፋቸው ሆነው መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን አልነበረም።

አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ጓሮአቸው የገባው በአንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ የመሃሏ ቅጠል ትጎብጣለች፣ ቢጫ ትሆናለች፤ ከዚያ መላ ተክሉ እንደተደበደበ ሰው ይወድቃል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ይህንንም የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያዞረው ብዙ ጊዜ ቢላ ነው፤ የታመመውን የነካ ስለት ጤነኛውን ሲነካ በሽታው አብሮ ይገባል። የግብርና ባለሙያው መጥቶ የታመመውን ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዲያቃጥሉት፣ ቢላቸውንም በእሳት እንዲያጸዱ ነገራቸው። አማቴ የተባሉትን አንድም ሳያጎድሉ አደረጉ። እሳት ያጸዳል የሚለው ነገር በልባቸው የተተከለው ያኔ ነው።

ባሌ ሌላ ሐሳብ ነበረው። «ሁሉም ይነቀል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበት፣ አንቺም ዲላ ነይ» ይላቸው ነበር። እናቱን ይወዳል፤ ብቻቸውን ወድቀው ይሞቱብኛል ብሎ ይፈራል። እሳቸው ግን አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው። «አንድ እንሰት እስከቆመ ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም።» ባሌ ይህን በተረጎመልኝ ቁጥር ትከሻውን ይነቀንቃል፤ እኔ ደግሞ በልቤ እደግፋቸዋለሁ። ዲላ መጥተው ምን ሊያደርጉ ነው? በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ባጃጅ ሊቆጥሩ?

አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ሄደን ጓሮ ገባሁ። ያየሁት የጉድጓድ መንደር ነበር፤ እዚህም እዚያም የተቃጠለ ጉድጓድ፣ የቀሩትም ቅጠላቸው ተሰብሮ የተንጠለጠለ። በመካከላቸው ግን አንዲት ትልቅ እንሰት ቀጥ ብላ ቆማለች። ግራ ቀኟ የነበሩት ሞተዋል፤ እሷ ግን ቅጠሏ አረንጓዴ ነው፣ ግንዷ ጠንካራ ነው። ሌላውን ሁሉ ትቼ ወደ እሷ ሄድሁ። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። በሞት መካከል በሕይወት የቀረ ተክል ሲያጋጥምህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሥሩ ላይ ማን አለ?» ብለህ ነው።

ሰው ባክቴሪያ ሲባል የሚታየው በሽታ ብቻ ነው። ይህ ያናድደኛል። ሥር ዝም ብሎ ውሃ የሚስብ ቱቦ አይደለም። ቅጠሉ ከፀሐይ ከሠራው ስኳር ውስጥ ቀላል የማይባለውን ሥሩ ወደ አፈሩ ያንጠባጥበዋል። ባክቴሪያዎቹ ያን ጣዕም ከሩቅ ያውቁታል፤ የእነሱ ሩቅ ለእኛ የጥፍር ስፋት ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለችው ቀጭን እርጥበት ውስጥ ጭራቸውን እያወዛወዙ ይዋኛሉ። ሥሩ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ነካ አድርገው ይይዙታል፤ ብዙዎቹ ይለቃሉ፣ ይሄዳሉ። የሚቆዩት ግን የሚያጣብቅ ንፍጥ መሳይ ነገር አውጥተው ይጣበቃሉ፣ ይራባሉ፣ በሥሩ ሕዋሳት መጋጠሚያ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ከዚያ መጥፎው ሲመጣ ቦታው ተይዟል፣ ምግቡም ተበልቷል። አንዳንዶቹ ጠላትን የሚገድል ነገር ያመርታሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ተክሉን ራሱን ያነቁታል፤ በሽታው በየትም ይምጣ በየት ተክሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ተክሉ ያበላቸዋል፣ እነሱ ይጠብቁታል። ወላጆቼም ዲላ የመጡት ለአንድ የቡና ወቅት ብለው ነበር፤ ይኸው እዚሁ ቀሩ።

እና እንሰቷ ሥር ተንበረከክሁ። አፈሩን በጣቴ ጫርኩ፣ አንዲት ቀጭን ሥር አገኘሁ፣ በሥሯ ላይ የተጣበቀውን አፈር በመዳፌ ላይ አራገፍሁ። አፍንጫዬ ሥር ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትሁ። እንዴት ያለ ሽታ ነበር! ደጋግሜ አሸተትሁት። ከዚያ ጥቂቱን ከቀጭኗ ሥር ጋር በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ቀና ስል አማቴ በጓሮ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እማማ፣ ለሥራ ነው» አልኳቸው። ደግሞም አብራራሁ፤ አፌን ሞልቼ ነው ያብራራሁት። ይቺ እንሰት ያልታመመችው ሥሯ ላይ የሚጠብቋት ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ ሊሆን እንደሚችል፣ እነሱን ላቦራቶሪ ወስጄ ላባዛቸው እንደምፈልግ፣ ከተሳካልኝ ለሌሎቹ ችግኞች እንደማመጣላቸው ነገርኳቸው። ባሌም በቋንቋቸው፣ በጌዴኡፋ፣ ደገመላቸው። አማቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«እሺ ልጄ፣ እሺ። ለሥራ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ፈገግታ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ስንገባ የውሃ ጀሪካን ላነሳ ስል ከእጄ ነጠቁኝ። «አንተ ተቀመጥ» አሉኝ። ስንወጣ ደግሞ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ እንድወርድ ልጃቸውን አስጠነቀቁት። እኔ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ሥራዬን የሚያከብር ሰው አገኘሁ ብዬ ለእናቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ።

አማቴ ያዩት ሌላ ነገር ነበር። ልጅ ያልወለደች አንዲት ሴት ተንበርክካ አፈር ስታሸት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያ ደብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አዩ። አፈር የሚያምራት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች አገር ያውቃል። ማብራሪያዬንም ቢሆን አልናቁትም፤ ግን አፈር ስትበላ የተያዘች ሙሽራ ሁሉ ምክንያት አታጣም። አንዷ ግድግዳ ልመርግ ነው ትላለች፣ አንዷ ለአበባዬ ነው ትላለች። የእኔ ከሁሉም ረዝሞ የተገኘ ምክንያት ብቻ ነበር። ስለማይጠየቅም አልጠየቁኝም።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሆነውን ለማመን ቸገረኝ። ከዚያች እፍኝ አፈር ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ በቀለ፤ ከእነሱ ውስጥ ግን አንዱ፣ ነጣ ያለና ጠርዙ የተሸበሸበ፣ የአጠውልግ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን መካከል ሳስቀምጠው በዙሪያው ምንም የማይበቅልበት ጥርት ያለ ክብ ሠራ። ጠላቱ ሊጠጋው አልቻለም። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ መጥቶ አየና «አንድ ሳህን ነው፤ እንሰቷም ምናልባት ቢላ ሳይነካት ቀርቶ ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ነው። አፈር ውስጥ ያለው ዓለም እንደ ሳህን አይደለም፤ ሳህን ላይ ጀግና የሆነ ሥር ላይ መስፈር ሊያቅተው ይችላል። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ በዓይነ ሕሊናዬ አማቴ ጓሮ ውስጥ አዲስ ችግኝ ስተክል ነበር፤ ሥሩን እነዚያ ነጫጮቹ ባሉበት ውሃ ነክሬ፣ እሳቸውም ከቤታቸው ሳይወጡ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሲሄድ፣ ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ ሳህኖቹን ሻጋታ ወረራቸው። ነጩን ለማትረፍ ያላደረግሁት ነገር የለም፤ ከጫፉ ቆንጥሬ ወደ አዲስ ሳህን ባሻገርኩት ቁጥር ሻጋታው አብሮ ይሻገራል። በመጨረሻ ሁሉንም አፍልቼ ደፋሁት። በዚያ ቀን ማንም እንዳያናግረኝ ፊቴን አጥቁሬ ዋልሁ።

ቢሆንም እንሰቷ አለች። ለባሌ «ለእናትህ ደውል» አልኩት። «ያቺን እንሰት ማንም እንዳይነካት በላቸው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከሥሯ ላይ ያለውን አፈር እፈልገዋለሁ፣ በጣም እፈልገዋለሁ በላቸው።» ደወለ። ስልኩን ሲዘጋ ግራ እንደተጋባ አስታውሳለሁ። «እናቴ እያለቀሰች መሰለኝ» አለኝ። «ምን ብላ?» አልኩት። «እግዜር ይመስገን፣ ያማራትንማ አላስቀርባትም አለች።» እኔ በረዶ የሚያዝበትን ሣጥን እያጠብኩ ስለነበር ነገሩ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ይዘን በይርጋ ጨፌ በኩል ወጣን። ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ንጹሕ ከረጢቶቼን ይዤ፣ ዝናቡ እንዳይጥል እየጸለይኩ። ሽቅቡን ስንወጣ ቸኩዬ ባሌን ቀደምኩት። አማቴ ደጃፋቸው ላይ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ቤቱ ተጠርጎ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ትልቁ ድስት በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ እሳት ላይ ተጥዷል፤ የሚቀቀል ነገር ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«መጀመሪያ ጓሮ ልድረስ» አልኳቸው።

«ጓሮ ምን አለ? ና፣ ብላ መጀመሪያ» አሉኝ ክንዴን ይዘው።

ሽታውን ያኔ ለየሁት። አሚቾ ነው። አሚቾ የእንሰት ሥር ላይ የሚገኘው ትልቁ ድንች መሳይ አካል ነው፤ እሱን ለማግኘት እንሰቱን መንቀል ያስፈልጋል። ክንዴን አስለቅቄ በጓሮ በር ሮጥሁ።

ጉድጓድ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ የሰፋ፣ ገና እርጥብ የሆነ ጉድጓድ። የጎረቤት ወንዶች ቆፍረው አውጥተዋት፣ ቅጠሉንና ሥራ ሥሩን፣ ባለሙያው ለታመሙት እንዳስተማራቸው፣ እዚያው ውስጥ አቃጥለውታል። ከአመዱ ላይ ትንሽ ጭስ ይወጣል። በሽተኞቹ ሁለት ሦስት እንሰቶች አሁንም አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር እናቴ ሱቅ የሚመጡ ሽማግሌ፤ እኔ ግን ይህን መፍራት እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ስመለስ አማቴ ያንን ከጉድጓድ የወጣ አሚቾ ነጭ ነጩን መርጠው፣ አይብና ሚጥሚጣ አድርገው ፊቴ አስቀመጡ። ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ቁራሽ በእጃቸው አጎረሱኝ።

«ብላ ልጄ። አትፈር። ለሁለት ነው የምትበላው» አሉኝ።

ቁራሹ አፌ ውስጥ ቀረ። ባሌን አየሁት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ እሱም ገና አሁን ነው የገባው። ጀሪካኑ፣ ፈገግታቸው፣ የስልኩ ልቅሶ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አማቴ ግን ደስታቸው ምንም እንዲያዩ አልፈቀደላቸውም። ተነስተው ከመደርደሪያው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይኼን ደግሞ ቤት ይዘህ ሂድ። ከሥሯ ላይ ያለውን ነው፣ የምትወደውን። አንድ በአንድ በጣቴ አራገፍኩት።»

ፈታሁት። ጥቁር፣ በወንፊት የተነፋ፣ ዱቄት የመሰለ አፈር። ዓመት ሙሉ ብሠራ እንደዚያ አጥርቼ ከሥር ላይ ማራገፍ አልችልም። ገና ትኩስ ነበር።

«የከተማ ሰው ነህ፣ ጥሬ አፈር ሆድ ያማል» አሉ። «በቡና መቁያው ቆላሁልህ። በሽታ የሚባል የለበትም። ሁሉንም ነው የቆላሁት።»

ልማድ ነውና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የእሳት ሽታ ብቻ ነበር።

ባሌ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እናቱ ድስቱን ሊያማስሉ ዞር ሲሉ በጆሮዬ «ዛሬ አትንገሪያት» አለኝ። «ቅድም ጓሮ ሳለሽ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ቤቱን ዘግታ ዲላ ልትመጣ ነው። ለካ ልጁን ልታሳድግ ኖሯል። እንሰቷን ያስነቀለቻትም ለዚያ ነው። ማንም አይንካት ያልኳትንም ለአንቺ ብቻ እንድትቀመጥ መስሏታል። ትምጣልን፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን።» ክፋት አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በሙሉ ልቤ ጠላሁት። ለዓመታት አንድ እንሰት እስከቆመ አልወጣም ያሉ ሴት፣ የመጨረሻዋን ጤነኛ በገዛ ፈቃዳቸው ያስነቀሉት ለሌለ ልጅ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ልዋሻቸው?

«እማማ» አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። «እርጉዝ አይደለሁም።»

ማማሰያው ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞረው በጌዴኡፋ አንድ ነገር ጠየቁት። እሱም መሬት መሬቱን እያየ በአንድ ቃል መለሰላቸው። አማቴ ቀስ ብለው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ታዲያ አፈሩን ምን ልታደርገው ነበር?»

እንደገና ነገርኳቸው። ያንኑ ነገር፣ በዚያው ቃል ማለት ይቻላል። ሥር እንደሚያበላቸው፣ ተጣብቀው እንደሚሰፍሩ፣ በሽታውን እንደሚያስጥሉ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሰሙኝ። ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ ፈገግ አላሉም፤ ሲያዳምጡኝ ዓይናቸው ጭኔ ላይ ካለው ጥቅል አልተነሳም።

«ነፍስ አላቸው?» አሉ።

«አላቸው።»

«እሳት ይገድላቸዋል?»

ልዋሽ ፈለግሁ። እዚያች ላይ እንኳ ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «ይገድላቸዋል» አልኳቸው።

አማቴ አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ለእንሰቷ ይሁን፣ ለእሳቸው ይሁን፣ ለዚያ ላልቆየው ፅንስ ይሁን አላውቅም፤ ለሁሉም ነው። እሳቸው ሳህኔን አንስተው ከድስቱ ጨመሩበትና መልሰው አስቀመጡልኝ።

«ብላ» አሉኝ። «አንዴ ተነቅሏል፤ አይመለስም። ሲቀዘቅዝ አይጣፍጥም። ብላ።»

በላሁ። ሦስታችንም በላን። ከበላሁት ምግብ ሁሉ የጣፈጠ እንደነበር ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ጣፋጭ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እሳት ያልነካውን አፈር ቧጥጬ ሣጥኔ ውስጥ ከተትሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ነገር በቀለ። ደጋግሜ ሞከርሁ። ያ ጠርዙ የተሸበሸበው ነጭ ግን ከዚያ ወዲህ አልታየም።

የቀሩት በሽተኞች ዝናብ ሳይገባ ወደቁ። አማቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። የቆመ እንሰት የለም፤ ስለዚህ አንድ ጥቅል ልብስ ይዘው ዲላ መጡ። ባሌ ደስ እንዲላቸው የማያመጣው ነገር የለም፤ ሬዲዮ ገዛላቸው፣ ፀሐይ የሚሞቁበት ወንበር በረንዳ ላይ አደረገላቸው። እሳቸውም እዚያ ተቀምጠው ባጃጅ ያያሉ። እኔ እንደፈራሁት ነው የሆነው። ጠዋት ስወጣ ያገኘኋቸውን ማታ ስገባ እዚያው አገኛቸዋለሁ። ስለዚያ ቅዳሜ አንዳችንም አላነሳንም። ቤታችን በዝምታ ተሞልቶ ነበር፤ ይህን ዝምታ የጀመረው ማን እንደሆነም ጠፍቶናል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስወጣ ወንበራቸው ባዶ ነበር። አጥር ጥጉ ላይ ጎመን የተከልኩበት ቦታ ተንበርክከው አየኋቸው። አንድ እፍኝ አፈር ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ልክ እንደኔ።

«ልጄ፣ ና» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እስቲ አሽተው። አሉበት?»

ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁና ከመዳፋቸው ላይ አሸተትሁ። ትንሽ የሳሙና ውሃ፣ ትንሽ ናፍጣ ይሸታል፤ ከሥሩ ግን ያ ሽታ አለ።

«አሉበት፣ እማማ» አልኳቸው። «እነዚያ ግን አይደሉም።»

«እነዚያንማ እኔ ቆላኋቸው» አሉ። አፈሩን ወደ ቦታው መልሰው በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ሳያራግፉ ወደ እኔ ዞሩና እጄን ያዙኝ። ጣታቸው ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር።

«ያኔ ጠይቄህ ቢሆን እንሰቴ አይነቀልም ነበር» አሉ። «ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከአሁን በኋላ እጠይቃለሁ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ልጅ ትፈልጋለህ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ ትጸልያለች፣ ባሌ ይጠብቃል፣ ሰፈሩ ያየኛል፤ ግን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

«እፈልጋለሁ፣ እማማ። በጣም እፈልጋለሁ።»

«እኔም» አሉ፤ እጄንም አለቀቁትም።